ዱላውን የቆጠሩት መምህርት ሥርጉት ያለው

ክቡራን ካህናት፣ የቅሬያችን አባቶችና እናቶች፣ መንገዱ ሳያስፈራችሁ ከወረኢሉና ከኩታበር ድረስ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ እኔ ዓባይነህ ወልደ ገብርኤል ነኝ፤ ብዙዎቻችሁን ፊደል ያስቆጠርኩ፣ ጥቂት የማትባሉትንም ያስለቀስኩ ጡረተኛ መምህር። የመምህርት ሥርጉት ያለውን ዜና ሕይወት እኔ እንዳነብ ያዘዙት ራሳቸው ሟች ናቸው። ከማረፋቸው ሦስት ቀን አስቀድመው ወደ ሐኪም ቤት አስጠርተውኝ፣ «መምህር፣ ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል፤ የእኔን ግን እንደሆነው ያንብቡልኝ፤ እርስዎ ያሉበትንም አይዝለሉት» አሉኝ። አደራ ነውና ሳልቀንስ አነባለሁ፤ የሚጎረብጥ ነገር ብትሰሙ ታገሡኝ።

መምህርት ሥርጉት ከአባታቸው ከአቶ ያለው አስፋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ተሰማ፣ በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም.፣ ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በዚያ አካባቢ አቶ ያለው ያልሳሉት ማረሻ፣ ወይዘሮ በለጡ ያልሠሩት ድስት የሚገኝበት ቤት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በማረሻቸው ከታረሰው እህል አብሯቸው የሚቆርስ፣ ልጁን ለልጃቸው የሚድር፣ ሲሞቱም ሬሳቸውን የሚሸከም ጎረቤት አልነበራቸውም። በሠርግም በተዝካርም ከአጥር ውጭ ይቀመጡ ነበር፤ የጠጡበት ቅልም እነርሱ ከሄዱ በኋላ ይሰበር ነበር። ቡዳ ይባሉ ነበር። ይህን ቃል በለቅሶ ላይ መጥራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የዛሬዋን ሟች የገደላቸው ይኸው ቃል ስለሆነ ሳልጠራው ማለፍ አልቻልኩም።

ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው እጃቸውን ይዘው እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት አመጧቸው። አቶ ያለው ከበሩ ውጭ ቆመው፣ ሌላው ወላጅ ሁሉ አስመዝግቦ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ልጃቸው ፊደል እንድትለይላቸው ብቻ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። መዘገብኳቸው። በማግስቱ ወላጆች ተሰብስበው መጥተው የቀጥቃጭ ልጅ ከልጆቻቸው ጋር ባንድ አግዳሚ ከተቀመጠች ልጆቻቸውን እንደሚያስወጡ ዛቱብኝ፤ እኔም ለመከራከር ሳልሞክር ሥርጉትን ከበሩ አጠገብ፣ ከሌላው ልጅ አርቄ፣ በድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዝናብ ሲጥል በዚያ በር በኩል ያገኛቸው ነበር። ጥያቄ ስጠይቅ እጃቸውን ያወጡ ነበር፤ እኔ ግን አልጠራቸውም። ደብተራቸውንም ሳርም በልምጭ ጫፍ እየገለጥኩ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም።

በ1986 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ፣ የአንድ ባለጸጋ ገበሬ ልጅ በክፍል ውስጥ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ልጁ በዚያ ሰሞን ከአባቱ ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ነበርና ወባ ይዞት እንደነበር ዛሬ አልጠራጠርም፤ ያን ዕለት ግን ክፍሉ ሁሉ «ሥርጉት በላችው» እያለ ጮኸ። በአገሩ ልማድ መሠረት የበላች የተባለች እንትፍ ካላለችበት የወደቀው አይነሣም ይባል ነበርና፣ እኔ የተማርኩት፣ የመምህርነት ምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ጎትቼ አምጥቼ እንትፍ በይበት አልኳቸው። አልበላሁም ብለው እንቢ አሉ። ቀኝ እጃቸውን በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በወይራ ማስመሪያ መታኋቸው። እንቢ አሉ፤ ደገምኩ። ጣቶቻቸው ሲሰበሩ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም አላቆምኩም። ደማቸው ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ አርባ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ጣቶቻቸው ሳይዘረጉ ቀሩ፤ በግራ እጃቸው መጻፍ የለመዱት በዚህ ምክንያት እንጂ ግራኝ ሆነው ስለተፈጠሩ አይደለም።

የታመመው ልጅ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፈ። ከቀብር መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ዱላና መጥረቢያ ይዘው ወደ አቶ ያለው ቤት ወረዱ። የያዙትን መጥረቢያ የሠሩላቸው አቶ ያለው ነበሩ። ወናፋቸውን ቀደዱት፤ ቤታቸውን ሣሩ ደርቆ ነበርና በአንድ ክብሪት አነደዱት፤ እርሳቸውንም ከሚነደው ቤት ሲወጡ ጠብቀው በደጃፉ ላይ ቀጠቀጧቸው። ወይዘሮ በለጡ ባላቸው ላይ ሲወድቁ አንድ ድንጋይ ግራ ዓይናቸውን አፈሰሰው። አቶ ያለው በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀባሪው ማኅበራችን፣ ቅሬው፣ ሬሳቸውን አላነሣም። ማንም አልተከሰሰም፤ ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ያየ ሰው አልተገኘምና። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ ሲጠየቅም ክፍል ውስጥ ነበርኩ ብያለሁ።

እናትና ልጅ ሮጠው የደረሱት መካነ ሰላም፣ ወይዘሮ ዙሀራ ቤት ነበር። ወይዘሮ ዙሀራ የወይዘሮ በለጡን ሸክላ ተረክበው በገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ዛሬም ዕድሜ ሰጥቷቸው በመካከላችን ተቀምጠዋል። ወንዶቹ እስከ ከተማው ተከትለው መጥተው እንዲያወጧቸው ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ዙሀራ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ወላሂ፣ ቤቴ ከገቡ የእኔ ደም ናቸው፤ የመጣችሁበትን እኔ ላይ ጨርሱት» አሏቸው። ሙሉ ቀን ከደጃፉ ሳይነሡ ዋሉ፤ ሰዎቹም ሲመሽ ተመለሱ። የአቶ ያለውንም ሬሳ የወይዘሮ ዙሀራ ባለቤትና ሦስት ወንድሞቻቸው ተሸክመው፣ አንድ ቄስ ለምነው አስፈትተው፣ በእኛ ፈንታ እስላሞች የክርስቲያኑን ሬሳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አደረሱት።

መምህርት ሥርጉት አንድ ዓመት ከትምህርት ገበታ ተለይተው ከቆዩ በኋላ በከተማው ትምህርት ቤት ገቡ። በወይዘሮ ዙሀራ ቤት ጓዳ እያደሩ፣ ጠዋት የእናታቸውን ገንቦ ለገበያ ተሸክመው እያደረሱ፣ ከሰዓት እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሐኪም መሆን ይመኙ ነበር፤ የተመደቡት ግን ሶሲዮሎጂ በሚባለው፣ የሰው ልጅ ማኅበር እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴትም እንደሚከፋፈል በሚጠናበት የትምህርት ክፍል ነበር። ስሙን እንኳ ሰምተው ስለማያውቁ ሦስት ቀን አለቀሱ። በአራተኛው ቀን መምህራቸው ወደ ክፍል ገብተው፣ የድሃ ልጅ በትምህርት የሚወድቀው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ተማሪው ሁሉ አንዱ ስንፍና ነው፣ አንዱ ዕድል ነው፣ ሌላውም ዘር ነው አለ። መምህሩ ግን አንድ ልጅ ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ በልቶ መምጣት አለመምጣቱን፣ ክፍል ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ አስተማሪው ገና ከመጀመሪያው ምን እንደጠበቀበት፣ ስንት ጊዜ እንደተመታም ብትጠይቁ ውጤቱን ፈተና ሳይቀመጥ ልትተነብዩት ትችላላችሁ ብለው አስረዱ። መምህርት ሥርጉት ያን ቀን የተሰማቸውን ለወይዘሮ ዙሀራ ሲነግሯቸው፣ «ዕድልሽ ነው ያሉኝን የሠራው ሰው እንዳለ ዛሬ አወቅሁ» ነበር ያሉት።

በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በማዕረግ ተመርቀው፣ ሌላ ቦታ ሥራ ሲያገኙ ትተውት፣ ወደ መካነ ሰላም ተመልሰው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በዚያም የሒሳብ መምህር ከሆኑት ከአቶ ይሄነው ምስክር ጋር ተዋወቁ። አቶ ይሄነው የባላገር ልጅ፣ ዘራቸው የሚቆጠርላቸው ሰው ናቸው፤ የቀጥቃጭ ልጅ ሊያገቡ ነው ሲባል ዘመዶቻቸው በሽምግልና ከለከሏቸው፤ እንቢ ሲሉም በሠርጋቸው ዕለት፣ በጥር ወር 2002 ዓ.ም.፣ ከዳሱ ውጭ ቆመው ተኮሱባቸው። ጥይቱ የሙሽራውን ጭን በሳው። ሙሽራዋ ነጠላቸውን ቀድደው ቁስሉን አስረው፣ በጭነት መኪና ጋቢና ጭነው ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ ቃል ኪዳናቸውን የፈጸሙት ከአርባ ቀን በኋላ ነው። አቶ ይሄነው እስከ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው መቅደላዊት በተወለደች ጊዜ የአቶ ይሄነው እናት ገንፎ ሊበሉ ብቻቸውን መጡ፤ ከምራታቸው እጅም ጎርሰው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሌላው ዘመድ አንድ በአንድ ተከተለ።

መምህርት ሥርጉት በእነዚያ ዓመታት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በሦስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የገቡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆችን ስም መዝግበው ለስምንት ዓመት ተከታተሉ። ልጅ ሲቀር ቤቱ ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ውሻ ነክሷቸዋል፤ አንድ ጊዜ ልጁን በአሥራ አንድ ዓመቷ የዳረ አባት በዱላ ትከሻቸውን አውልቆታል። የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪና የሸማኔ ልጆች ሠላሳ ሰባት ነበሩ፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሱት ሁለት ብቻ ሆኑ። በአንድ ክፍልም በአንድ ወር ውስጥ ያረፈውን ዱላ በተማሪዎች አስቆጠሩ፤ ከሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ምት ከሁለት መቶ በላይ የሚሆነው ያረፈው በዘጠኝ ልጆች ላይ ነበር። ዘጠኙ ልጆች የባለእጅና መሬት የሌላቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ። አንዲት የባለእጅ ልጅ ከሩቅ ምንጭ ውኃ ቀድታ ስለምትመጣ ትዘገያለች፤ ስለዘገየች ትመታለች፤ ዱላውን ስለፈራች ትቀራለች፤ ስለቀረች ትወድቃለች፤ ስትወድቅም «ድሮስ የእነሱ ዘር» ይባላል። መምህርት ሥርጉት ይህን ሲያስረዱ ዱላም እንደ ርስት ይወረሳል ይሉ ነበር።

ይህን የጻፉበትን ደብተር በ2010 ዓ.ም. ይዘው ወደ እኔ መጡ። እኔ ያን ጊዜ ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች የአንዱ ርዕሰ መምህር ነበርኩ፤ ዱላው የተቆጠረበትም ክፍል በእኔ ትምህርት ቤት ነበር። ጥቂት ገጽ አንብቤ ደብተሩን በመስኮት ወረወርኩት፤ በመምህራኑም ፊት ያጎረስኳት እጄን ነከሰችኝ ብዬ ሰደብኳቸው። መምህርት ሥርጉት ወጥተው ደብተሩን ከጭቃው ላይ አነሡ፤ በእነዚያ በማይዘረጉት ጣቶቻቸው ጠርገው ተመልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና፣ «መምህር፣ እርስዎን ለመክሰስ አልመጣሁም። ስንት ልጅ እንደመታን አብረን እንድንቆጥር ነው የመጣሁት» አሉኝ። መታን ነው ያሉት፤ መቱ አላሉም። እርሳቸው በሕይወታቸው ልጅ መትተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በጎ ነገር እንዳላበዛው አስጠንቅቀውኛልና በአጭሩ ልናገር። በሚቀጥለው ዓመት ዱላ ከትምህርት ቤቴ አስወጣሁ፤ ልጆቹም በዕጣ እንዲቀመጡ አደረግኩ። አርባ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። መምህርት ሥርጉት በየቤቱ እየዞሩ ሠላሳ አራቱን መለሷቸው፤ ስድስቱ ቀሩ።

ያለፉት ዓመታት ምን እንደነበሩ ለእናንተ አልነግራችሁም። የተኩስ ድምፅ በየጊዜው ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው፣ አግዳሚው ለማገዶ ሲፈለጥ፣ ያለው ሰው ልጁን ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ የሌለው ሴት ልጁን ዳረ። መምህርት ሥርጉት ጥይት ሲጮህ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሪዎችን መዝገብ በበቅሎ ጭነው አወጡ፤ በሰው ጎተራና በረት ውስጥም ሲያስተምሩ ከረሙ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ ዝናሽ ነበረች፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከአካባቢው ሁሉ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣች ልጅ።

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በዝናሽ ጎረቤት አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን በትኩሳት ወደቀች፤ አንገቷም ደረቀ። የዝናሽ ውጤት በተነገረ በሳምንቱ ነበርና፣ የፈተናውን ውጤት ያገኘችው የሰው አእምሮ እየበላች ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች የእነ ዝናሽን ቤት ከበቡ። መምህርት ሥርጉት በባጃጅ ደርሰው በሕዝቡ መካከል አልፈው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም ሰምቼ እየተከተልኩ ነበር፤ የሰባ ዓመት እግር አላደርስ ብሎኝ ከማሳው አናት ላይ ሆኜ አየሁ፤ ሰማሁም። አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ናቸውና በየስማቸው ጠሯቸው። ሕፃኗን ሐኪም ቤት እናድርሳት፣ ባጃጁ ቆሟል አሉ። ከፊት የቆመው የእኅቴ ልጅ በላይ ነበር። «በላይ፣» አሉት፣ «ድንጋዩን አስቀምጠውና ሕፃኗን አንሣልኝ።» አስቀመጠው። ከኋላው አንድ ሰው ሳቀበት። በላይ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣና ግንባራቸውን መታቸው። ከወደቁ በኋላ በመጥረቢያ እጀታ የጎናቸውን አጥንት የሰበሩት ሌሎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱንም አውቃቸዋለሁ።

ባጃጁ መምህርት ሥርጉትንና ሕፃኗን ባንድ ላይ ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። ሕፃኗ ማጅራት ገትር ይዟት ነበር፤ ታክማ ድናለች፤ እናቷም እዚሁ መካከላችን እያለቀሰች ናት። ዝናሽም ተርፋለች። መምህርት ሥርጉትን ወደ ደሴ ለማሻገር ቢሞከርም መንገዱ እስከ ትናንት ድረስ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ዘጠኝ ቀን በሥቃይ ቆይተው፣ በትናንትናው ዕለት ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በሐኪም ቤቱ ያን ዕለት ለማንበብ ቃል ስገባላቸው፣ በላይን እንዳላየሁ ልሁን ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። የእኅቴ አንድ ልጅ ነው፤ እኅቴም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መምህርት ሥርጉት፣ «አባቴ ሲሞት ያየ ሰው አልተገኘም» አሉኝ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የአራቱን ስም እሰጣለሁ፤ በ1986 ዓ.ም. ስለ አቶ ያለው የዋሸሁትንም ቃል አቃናለሁ። በላይ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመህ እየሰማኸኝ እንደሆነ አይቻለሁ። ከእኔ ጋር ብትመጣ ይሻልሃል። እኅቴ ይቅር በይኝ።

መምህርት ሥርጉት ያለው የአንዲት ሴት ልጅና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበሩ። ከኋላቸው ባለቤታቸው አቶ ይሄነው ምስክር፣ ልጆቻቸው መቅደላዊትና ኃይለኢየሱስ፣ ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ በለጡ ተሰማ፣ ያሳደጓቸው እናት ወይዘሮ ዙሀራ፣ በመዝገባቸው ስማቸው ያለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም ዝናሽ ቀርተዋል። ቤተሰባቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን፤ ወይዘሮ ዙሀራ እንደሚሉትም፣ አብሽሩ፣ አይዟችሁ።

የፍጥረት ሁሉ አምላክ የመምህርት ሥርጉትን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን። ለእርሳቸው ዕረፍትን እንለምናለን፤ ለእኛ ግን ዛሬ ዕረፍት አንለምንም። አሜን።